በቀርግብ

ወፍ አርቢ አይደለሁም፤ ቡሬ ላይ ነው ቤቴ፣
ከመናኸሪያው ጀርባ፤ መርፌ ናት ሀብቴ።
በቀቀኑን ያመጣው ሾፌሩ ሰማኸኝ፣
«የሱሪው ዋጋ» ብሎ በካርቶን ሰጠኝ።
እርግቧን ደግሞ ትሁኔ፣ የጎረቤት ልጅ፣
ክንፏ ተሰብሮ አግኝታ ከወፍጮ ቤት ደጅ።

አንድ ነው የሽቦ ቤቱ፤ አንድ እንጨት፣ አንድ ጣሳ፣
በጠዋት እፍኝ ኑግ፣ ማታ እፍኝ ዳጉሳ።
የመጀመሪያው ሳምንት ጀርባ ተሰጣጡ፤
በማይግባቡበት ቋንቋ ምን ብለው ይቆጡ?
በሁለተኛው ግን፣ ዝናቡ ሲጠና፣
አረንጓዴው ወንዱ ተጠጋ ቀና ቀና፤
ኑጉን ፈለፈለ፣ ዋጠና መለሰ፣
አንገቱን ነቅነቅ አርጎ አፏ ላይ አደረሰ።
ጎረሰች።
እኔ ጣቴን ወጋሁ፣ መርፌው ጨርቁን ስቶ።
«ጉርሻ ሲያስጨንቅ ነው» ብሏል ያገር ሰው፣ አይቶ።

የእርግብ ወንድ ሲወድ ኩኩ ይላል፣ ይነፋል፣
አጎንብሶ፣ ተነስቶ፣ ደግሞ ይሽከረከራል።
ይኼ ግን ምን ያውቃል? ከመጣ የሰማው
የስፌት መኪናዬን ነው፤ ዜማውም እሱው ነው፦
ትክ ትክ ትክ... ትርርር።
እንዲያ እያለ ዞራት፣ ፔዳል እንደመታ፤
እሷም ጎንበስ አለች፣ ጅራቷን ዘርግታ።

እትዬ ጠጂቱ ቀሚስ ሊለኩ መጥተው፣
«ኧረ ለያቸው» አሉኝ፣ አፋቸውን ሸፍነው፤
«ዘር ከዘር ሳይገጥም!» እኔም ሜትሬን ይዤ
ወገባቸውን ለካሁ፤ ዝም አልኩኝ ፈዝዤ።

መስከረም ሲጠባ ሁለት እንቁላል ጣለች፤
በገበርዲን ቁርጥራጭ፣ በክር ላይ ተኛች።
እሱ ያጎርሳታል። ትሁኔም ከትምህርት ቤት
እየሮጠች ትገባለች፦ «ስንት ቀን ቀራት?»
ምን ይወጣ ይሆን? አረንጓዴ እርግብ?
መንቁሩ የጎበጠ፣ ኩኩ ባይ፣ ርግብግብ?
ስሙንም አውጥታ መዝጊያዬ ላይ በጠመኔ
ጽፋለች፦ «በቀርግብ። የትሁኔ።»

በሃያኛው ሌሊት በእጅ ባትሪ አየሁት፣
አንዱን፣ ከዚያም ሌላውን።
እንደ ብርጭቆ ጥርት ያለ።
ክር የምታህል ደም ስር የለው።
መልሼ ከሥሯ ከተትኩ። ለማንም አልነገርኩም።
ባምስተኛው ቀን ራሷ ተነሳች፤ እኔ አላስነሳኋትም።
ጠመኔው ግን መዝጊያው ላይ አለ።

አሁን ጥቅምት ነው፣ ውርጭ። የሙሽራ ሱሪ ይዤ
አመሻለሁ። በቀቀኑ ተኝቷል፣
ራሱን ክንፉ ውስጥ ወሽቆ።
መኪናው ትክ ትክ ሲል
እርግቧ እንጨቷ ላይ ጎንበስ ትላለች፣
ወደሱ ሳይሆን፣ ወደዚህ።

እግሬን ከፔዳሉ አነሳሁ።
ቀና አለች።
ጠበቀችኝ።