ሳቁና ሳቡ

በቺሌ ጠረፍ፣ ቺሎኤ ደሴት፣ ዝናብ ጀምሮ አይጨርስም፣
ባሕሩም የሰው ደጅ አንዴ ከበላ አይመልስም።
እናም አንዱ ጎረቤት ደጁ ሲሸረሸር፣
ጓዙን አይሸክፍም፤ ቤቱን ነው የሚያሻግር፤
ከነምድጃው፣ ከነመስኮት፣ ከነበሩ፣
በበሬና በገመድ፣ በመላው ሰፈሩ።
ሚንጋ ነው ደቧችን፤ ደመወዙ አያጣላ፣
አንድ ገንቦ የፖም ጠጅ፣ ዛጎል ተቀቅሎ ሲበላ።

አጎቴ ፉልሄንሲዮ ነው ሃያ ዓመት የመራን፣
በሬውን በጅራፍ፣ እኛን በጉሮሮው ያስፈራን።
ገመዱ ሲሳሳ ያየ ሰው እንኳ ትንፍሽ አይልም፤
ሳቢ ነህና ሳብ፤ በሬ ምክር አይሰጥም።
ስንት ቤት ዘመመ፣ ስንት ምሰሶ ተሰበረ፣
ሁላችን እያየን! ማን ተናገረ?

ወገቡ ሲከዳው ጭቅጭቅ ሆነ ምርጫው፤
የትምህርት ቤት ጀልባ ነጂዋ ላይ ወደቀ ዕጣው፤
ኦርቴንሲያ ማንሲያ፤ ቁመቷ እንደ በርሜል፣
ግራ ቦቲዋ ጥቁር፣ ቀኙ የጎመን ቅጠል።
ልታዝዝ ግንድ ላይ ወጣች፤ ግንዱም ተንከባለለ፣
በቂጧ ዘፍ አለች፤ ሰፈሩ ትንፋሹን ውጦ ዝም አለ።
ከዚያው ከተቀመጠችበት፣ ጭቃዋን ሳትጠርገው፣
«መሬቱን መርምሬያለሁ» አለች፤ «ጭቃ ነው።»
ከንፈሩን ነክሶ ነበር አጎቴ፣ ከነብርድ ልብሱ፤
ሳቅ ይሁን ንዴት እንጃ፤ አልነገረንም እሱ።

ቀኑ አጋማሽ ላይ የኤራስሞን ቤት ጭቃ ዋጠው፤
ሃያ በሬ ቢጎትተው፣ አርባ ሰው ቢገፋ አልነቀነቀው።
ሊሳንድሮ ገመዱን ለቀቀ፣ መዳፉ ቆስሎ፤
እኔም በአጎቴ አፍ «አንተ ልፍስፍስ!» አልኩት፤ አንገቱን ደፋ ቶሎ።
ኦርቴንሲያ ገባች ከመሃል፤ እሱ ላይ አላሾፈችም፣ እኔም ላይ፣
ወደ ታች የሚወረወር ቀልድ ከጓዳዋ ሳይታይ፦
«እሱ ገመድ ነው የለቀቀ፤ ይህ ምን ይገርማል?
እኔ አምና የለቀቅኩት ጀልባ ከነመምህሩ ይንሳፈፋል!»

ሰዉ በሳቅ ሲፈርስ «ሳቁ!» አለች፤ «ሳቡ!» መስሎን ሳብን፤
በአንዲት ፊደል ስህተት ወገባችን ላላልን።
ቤቱ ንቅንቅ አላለም፤ የተነቃነቀው ሌላ ነው፤
ሊሳንድሮ ነው፣ ዓመት ሙሉ አፉን ከፍቶ የማናውቀው፦
«ባሕሩ ቤቱን እንዲህ ካፈቀረው፣ ምነው ብናበድረው?»
ሳቃችን ደሴቱን ናጠው። እሷ ግን ሳቋን አቋርጣ አየችው።
«እስቲ ድገመው» አለች። ደገመው፤ አሁን ማንም አልሳቀ።
«በርሜል አለኝ» አለ አንዱ፤ «እኔ አስር»፤ ሌላው ጠየቀ፦
«ባሕሩ የሚሞላ መቼ ነው?» «ማታ» አለች አንዲት ባልቴት፤
«ሁለት ጀልባ ከፊት፣ አንድ ከኋላ!» «ድመቷስ?» «ትቅር ከቤት!»

ሲመሽ ባሕሩ ሞላ። ቤቱ ሽቅብ ተነሣ፣
ተንገዳገደ፣ እንደ ሰካራም መንገዱን እንደረሳ፤
ድመቷ በመስኮት እንደ ካፒቴን አሻግራ ታያለች፣
ኦርቴንሲያ ከጀልባዋ «ይህኛው መምህር የለበትም!» ትላለች።
አጎቴ ከዳር ሲጮህ ሰማን፤ «ሳቡ!» ይሁን «ሳቁ!»
በነፋሱ ውስጥ ማን ይለያል? ጀልባዎቹ ራቁ።

በሰላም ገባ አልልም። ምድጃው ውሃ ጠጣ፣
ከድስቱ አንድ ሸርጣን ቆፈን ይዞት ወጣ፤
በሩም ዞሮ ቀረ፤ እስከ ዛሬ ገደል ያያል፤
ኤራስሞ ግን «አበዳሪ በሩን እስኪያገኝ አመልጣለሁ» ይላል።

ዘንድሮ መሪ ሆንኩ እኔ። ግንድ ላይ ወጣሁ፤ አልተንከባለለም።
ሌሊቱን ያጠናሁትን ቀልድ ጣልኩ፤ በሬ እንኳ ጆሮውን አላቆመም።
ሳቅ ስጠብቅ ዝምታ! ፊቴ እንደ በርበሬ ቀላ፤
አንዲት ልጅ ግን እጅጌዬን ጎተተች ከኋላ፦
«ቀልዱ አያስቅም» አለች፤ «ገመዱም ሊበጠስ ነው።»
ሁለቱም ልክ ነበር። ቆምን፤ ገመዱን ቀየርነው።