አንኳኩቶ መግዛት

ክረምቱ ሲያበቃ፣ ጣና ሲመለስ፣
የላንድሮቨሬ እግር ዝገት ሲያፈስ፣
የሽምብጡ ጎሚስታ አንማው፣ ተንበርክኮ አየና፣
በመዶሻው አናት መታ መታ አርጎ አዳመጠና፣
“አራቱም ሞተዋል” አለኝ እንደ ዋዛ፤
“ጎማ አይደለም ሕመሙ፤ ሂድና ቸርኬ ግዛ።
ደህናው ስኮርታህ ብቻ ነው፤ እሱም መሬት ስላልነካ።”

ከሥሪቷ ዘመን፣ ስልሳ አምስት ጀምሮ፣
ወባ ማጥፊያ፣ ዓሣ ሀብት፣ ስሙን የቀየረ ቢሮ፣
ሁሉም ነድተዋታል።
ሁሉም ሲሰለቻት ለጨረታ ወጣች፤
ብቻዬን ተጫርቼ፣ በገመድ ተጎትታ መጣች።

ይታይሽ ሱቅ ገባሁ፣ ዘንባባው መንገድ ላይ፤
አሉሚኒየም ቸርኬ ያበራል እንደ ፀሐይ፣
ባለ ስምንት ክንድ፣ ባለ ዐሥር፣ አደይ አበባ መሳይ።
ጎንበስ ስል ፊቴን አየሁት፣ ሽበቴ ሳይቀር፤
እግር ልገዛ መጥቼ መስታወት ፊት ስሽቀረቀር!
“የአንተ ስንት ብሎን ነው?”
“አምስት።”
“የእኔ ስድስት።
ችግር የለም፣ ሞዞው ይለወጣል።”
“ጫማ ጠበበ ተብሎ እግር ይቆረጣል?”

ተመልሼ ለአንማው ነገርኩት፤ አልሳቀም።
(ክሪክ ከጨበጠ ስቆ አያውቅም።)
“ቸርኬ በዓይን አይገዛም፤ እንደ ማድጋ ነው፣
አንኳኩተህ፣ ሰምተህ ነው የምትወስደው።
ስንጥቁ ያጉረመርማል፣ ደህናው ይዘምራል፤
ቀለም ይዋሻል እንጂ ብረት መች ይዋሻል?”

መዶሻውን ተውሼ፣ ዓባይን ተሻግሬ፣
ከውራጅ ብረት ክምር ሁለት አወጣሁ ቆፍሬ፤
አንዱን ዶሮ ታቅፋበት፣ ሦስት ቀን ጠበቅኳት፤
ጫጩቶቿ ሳይወጡ ማን ደፍሮ ያስነሣት?

ሦስተኛው ጣና ውስጥ፣ የጀልባ መልህቅ ሆኖ፣
ደለል ላይ ተኝቷል፣ በእምቦጭ ሥር ታፍኖ።
ውበቱ በገመድ ሳበው፤ ቀረሶ ዘለለች ከመሐሉ፤
ጠረግነው፣ መታሁት፣ ኧረ እንዴት ያለ ነው ቃሉ!
በልዋጩ የእኔን ሰጠሁት፤ መልህቅ ድምፁ መች ይጠየቃል፤
ለሰመጠ ነገር ክብደት ብቻ ይበቃል።

አራተኛው ጠፋኝ።
ስኮርታዬ ወርዶ እግር ሆነ፤ የኋላ በሯ ባዶ ቀረ፣
እንደ ወለቀ ጥርስ ቦታ።
ለልዋጭ ያሰብኩትን አሮጌ ስንጥቅ ጭኜ
ኅዳርን በሙሉ ስዞር ከረምኩ።

አንድ ጠዋት፣ በዘጌ መንገድ፣
አቧራው ገና ጤዛ ሳይለቀው፣ ሰማሁት።
ሞተር አጠፋሁ።
ከትምህርት ቤቱ ግቢ፣ ከዋርካው ቅርንጫፍ፣
በሽቦ የተንጠለጠለ፤ አምስት ቀዳዳ፣ የእሷው እኩያ።
ድምፁ ውኃውን ተሻግሮ፣ ደሴቱን ነክቶ ተመለሰ፤
አንዱ ሱሪውን ይዞ፣ አንዷ በቆሎ እየጋጠች፣
ጫካው ሁሉ ልጅ አፈሰሰ።

አንማው እንዳስተማረኝ ዓይኔን ጨፍኜ አዳመጥኩ።
ከሦስቱም ይበልጣል።

መምህርት እንጉዳይ ጥያቄዬን ሰማች፤ አልከፋትም።
“የአንተን እንስቀለው” አለች፣
“ከጮኸ፣ ይኸን ውሰደው፤ አይቆጨኝም።”
ሰቀልነው። መታችው።
ዷ አለ።
አጥር ሥር የታሰረችው ፍየል እንኳ ቀና አላለችም።
ልጆቹ ሳቁ፤ ቆይቼ እኔም።

መልሰን ስንሰቅለው ሽቦውን እኔ አጠበቅሁ።
“መንገድ ላይ ከቸገረህ ና፣ ደውል” አለችኝ፣
“ሰማንያ ልጅ ይገፋሃል።”

ይኸው ያለ ስኮርታ እነዳለሁ።
ይታይሽ ባየችኝ ቁጥር አንገቷን ትነቀንቃለች።
አንማው ግን ባዶውን በር አየ፣ ምንም አላለም፤
ጣቱን አጥፎ አንድ ጊዜ ኳ አደረገው።

“ጎማ ቢተነፍስብህስ?” ይሉኛል።
“እደውላለሁ” እላለሁ።
ስልክ ይመስላቸዋል።