ሁለት ባላ

በካስትሮ ከተማ፣ በቺሎዌ ደሴት፣
እግሩን ከባሕር ውስጥ ነክሮ የቆመ ቤት፤
ዐሥራ ስድስት እግር፣ ሁሉም የዛፍ ግንድ፣
ማዕበል ሲነካው የሚያቃስት ባንድ።
በወጥ ቤቱ መሐል፣ ወለሉን ሰንጥቆ፣
ነጭ መስመር አለ በጠመኔ ደምቆ።

በጎዳናው በኩል ኤደልሚራ አለች፣
ሹራብ ትሠራለች፣ ፎቶ ታነሣለች፣
ለማታውቀው አንገት፣ ለሩቅ ሰው ትሸጣለች።
በባሕሩ በኩል ኡባልዶ ይኖራል፣
የጀልባ ሞተር ይፈታል፣ ይገጥማል፣
የነገውን ነፋስ ዛሬ ይጠይቃል።
ተፋተዋል። ቤቱ ግን አልተሸጠም፤
ባሕር ላይ የቆመ ግማሽ ቤት ማንም አይገዛም።

ሁሉን ተካፍለዋል፦ ድስቱን፣ መጋዙን፣
በረንዳው ላይ ፀሐይ የሚሞቁበትን ሰዓት፣
ኢንተርኔቱን ሳይቀር።
የእሷ ከመንገድ ነው፤ ከስልክ እንጨት ይወርዳል፣
በድሮው የመዳብ ሽቦ እየተንፏቀቀ ይገባል፣
ዝናብ ሲመታው ያስላል።
የእሱ ከጣሪያ ነው፤ ሳህን አስተክሏል፣
ከማዶው ኮረብታ ከማማው ይቀበላል፤
ፈጣን ነው፤ ነፋስ ሲነሣ ግን ይሸሻል።
ሁለት ሒሳብ፣ ሁለት ሣጥን፣ ሁለት የይለፍ ቃል።
ሁለቱንም ቃል የሚያውቅ አንድ ሰው ነበር፤

ሊሳንድሮ። ዐሥራ አራት ዓመቱ፣
ሁለት አልጋ ያለው ባንድ ቤቱ።
አስታራቂ እንዳይመስላችሁ፤
ሽምግልና በሐሳቡም አልዞረ።
ከወለሉ ሥር ዶልፊን ሲያልፍ የቀረጸው ቪዲዮ ነበረው፤
በእናቱ መስመር ዘጠኝ ሰዓት ሊፈጅ ሆነ፣
በአባቱ መስመር ነፋሱ እመሐል ቆረጠው።

ከትምህርት ቤት የተጣለ፣ አቧራ የጠገበ ኮምፒውተር አምጥቶ፣
ሁለት የኔትወርክ ካርድ ሰካበት፣ ግራና ቀኝ እንደ ጆሮ።
ለገመዱ ግድግዳ አልበሳም፤
አይጥ ቀድማው ነበር፣ አይጥ ድንበር አታውቅም።
ከዚያ ትእዛዝ ጻፈ፦
የሚወጣው ሁሉ ተራ ይግባ፣ አንዱ በሽቦ፣ አንዱ በሳህን፤
አንደኛው ቢሞት ሌላው ይሸከም፣ ሳያጉረመርም።

«ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር
ባንዱ ተንጠልጠል» ይላል ያገሬ ሰው።
ለልጁ ማንም አልነገረውም፤
እሱ ግን የተወለደው ዐሥራ ስድስት ባላ ላይ ነው።

በማግስቱ ኤደልሚራ ለጎረቤቷ፣
«ኩባንያው አፈረ መሰለኝ፤ ሽቦዬ ወጣት ሆነ!»
ኡባልዶም ወደቡ ላይ፣
«ሳህኔ ነፋሱን ለመደው» እያለ ተኩራራ።
ልጁ ዳቦውን ያኝካል።

ዐሥራ ሁለት ቀን እንዲህ አለፈ። ከዚያ ባንኩ መጣ።
ባንክ ጠርጣራ ነው።
ኤደልሚራ የሹራብ ገንዘቧን ልታይ በሩን በመዳብ አንኳኳች፣
ሲከፈትላት በሳህን ገባች።
«አንድ ስም፣ ሁለት አድራሻ! ማነሽ አንቺ? አንድ ነሽ ሁለት?»
ዘጋባት። ደግማ ገባች፤ ደግሞ ዘጋባት።
ከጠመኔው ማዶ ኡባልዶንም ዘጋበት።
በሰባት ወር ለመጀመሪያ ጊዜ
ሁለቱ ባንድ ድምፅ ጮኹ፦ «ሊሳንድሮ!»

መጣ። አንድ እግሩ እዚህ፣ አንድ እግሩ እዚያ፣ ቆመ።
«ባንኩ አንድ መንገድ ብቻ ነው የሚወደው። በሽቦው ብቻ እንዲሄድ አደርገዋለሁ» አለ።
«የምን መንገድ?» አለች እናቱ።
ነገራቸው።
ባሕሩ ግንዶቹን በጥፊ ይመታል።
«ታዲያ እስከ ዛሬ የከፈልኩት የእሱን ነው?»
«የእሷን ነው እኔ የከፈልኩት?»
«ሁለታችሁም ሁለቱንም» አለ ልጁ።
ያመሰገነው የለም። ገመዱንም የነቀለው የለም።

በነሐሴ አንድ ሌሊት ማዕበል ተነሣ፣ ሳህኑ ታወረ።
ኡባልዶ የንጋቱን ነፋስ ሊያይ ገጹን ከፈተ፤
ገጹ እያሳለ፣ ቆም እያለ፣
መስመር በመስመር ወረደ።
ያን ሳል አወቀው።
ዝም ብሎ ጠበቀ።
ከግድግዳው ማዶ የኤደልሚራ ፊልም ተንገዳገደ፣
ተዋናይዋ አፏን እንደከፈተች ቀረች።
ኤደልሚራ ጣሪያውን አየች፣ ነፋሱን ሰማች።
ፊልሙን አጠፋችና መርፌዋን አነሣች።

ጠዋት የጠመኔው መስመር እዚያው ነበር።
ጀልባውም ከግንዱ እንደታሰረ።