የተገኘበት አገር

ቅጹን ትቶልኝ ሄደ፣ የወረዳው ሰው፤
አምስት ዓምድ አለው፣ እኔ የምሞላው፤
የዕቃው ስም፣ ብዛቱ፣ ቁመቱ፣ ዕድሜው፤
መጨረሻው ላይ «የተገኘበት አገር» ይላል፤
ብዕሬ እዚያ ሲደርስ ቀለሙ ይደርቃል።

ቁልፍ ያዡ እኔ ነኝ፣ በጎሽ ውሃ ማርያም፤
ከብልና ከአይጥ ጋር ታርቄ አላውቅም።
መስቀል ዐሥራ አራት፣ አንዱ እጀታ የለው፣
ጃንጥላ ሦስት፣ ዘርፉን ብል የበላው፣
ከበሮ ሁለት፣ ጠፍሩ የላላ፤
ይህን ሁሉ ጻፍሁ ሳልል ወደኋላ።
ሥዕሏን ከማኅደሯ ሳወጣ ነው የቆምሁ።

የዋንዛ ሰሌዳ፣ ባለሁለት ገጽ፣ ባለማጠፊያ፤
ጫፏን ጧፍ ለብልቧት፣ በስተ መዝጊያ፤
እመቤታችን ልጇን በቀኟ ታቅፋለች፤
ከትከሻዋ በላይ ግን አንዲት መስኮት አለች።
ግድግዳ የላትም፣ ጣራም የላትም፤
ከጮቄ ጅብራ መሃል፣ ከጉም፣
ተከፍታ ቀርታለች፤ ማንም አይዘጋትም።

«የሰማይ ደጅ ናት» ይላሉ መሪጌታ ቸሬ፤
«ቀለም ተርፎት ነው» ይላል ያገሬ ገበሬ።
እኔ ግን አንብቤአለሁ፣ ከማርቆስ ወንጌል ማብቂያ፣
ከኅዳጉ የተጻፈውን፤ እንዲህ ይላል መጀመሪያ፦
«እመቤት ሐረገ ወይን ሥዕል ገዛች፣ ከብንድቅያ፤
ዋጋዋ ሃያ ወቄት ወርቅ፣ ሁለት ቀንድ ዝባድ፣
አንዲትም ሰጋር በቅሎ፣ ለረጅም መንገድ።
የሰረቀ፣ የፋቀ፣ ውጉዝ ይሁን።»

ብንድቅያ ዛሬ ቬኒስ የሚሏት ናት፣ ውሃ ላይ የቆመች።
ከዚያ ነው ሥዕሏ በሰሌን ተጠቅልላ የወጣች፤
ምጽዋ ላይ ጨው ላሳት፣ ደባርዋ ላይ ተቀረጠች፣
ዓባይን በተነፋ አቁማዳ ተሻገረች።
ነጋዴው ጅብሪል ሦስት ክረምት አስጠበቀ፤
የእመቤቲቱ ትዕግሥት ግን አላለቀ፤
የህንድ ሐር ነበራት፣ የቻይና ጽዋ፣
ሩቅ የተሠራ ነገር ነበር ደዌዋ።

ካህናቱ መጡ፣ ገና ሳትሰቀል፦
«ልጁን በግራ ክንድ? ይህማ ነውር ነው፤ ይነቀል!»
«እናንተ ልጅ ታቅፋችሁ ታውቃላችሁ?
ግራው ለልጅ ነው፤ ቀኙ ሥራ አለው፤ እንዴት ረሳችሁ?»

እሷ የምታየው ግን ከጀርባው ያለውን ነበር፦
ቀይ ጣራ፣ ድልድይ፣ ቀጭን ወንዝ፣ ስሙ ያልታወቀ አገር፤
ከድልድዩ ማዶ አንዲት ቤት፣ መስኮቷን ማን ይሆን የከፈተው፤
ነጭ ጨርቅ በመስኮቱ፣ ነፋስ የጎተተው።
«ጅብሪል፣ እዚያች ቤት ማን ይኖራል?» አለችው።
«እመቤቴ፣ ጎረቤት አላውቅ፤ እኔ ዕቃ ነው የምሸጠው።»

ሰባት ዓመት አልሞላም።
የባሕር ማዶ እንጨት ለጎጃም ምስጥ ማር ነው፤
ድልድዩን በላው፣ ወንዙን ጠጣው፣
ወደ ቤቲቱ ደጅ ሲቃረብ
አባ ኂሩትን አስጠራች፦ «ሳታልቅ ገልብጥልኝ።»

«ቀይ ጣራ አላውቅም» አለ፤ «ጮቄን ነው የማውቀው፤
ድልድይም አልሥልም፤ ሱሃን በእግሬ ነው የምሻገረው፤
ልጁንም ወደ ቀኝ አዛውራለሁ፤ ካህናቱን አልጣላም።»
ብዙ አልተከራከረችም።
ጣራውን ሰጠች፣ ድልድዩን ሰጠች፣
ያን የተሟገተችለትን ግራ ክንድ እንኳ ሰጠች፤
«መስኮቷን ግን አትንካብኝ» አለች።

ሐሙስ መዝጋቢው ይመጣል።
ዋንዛው ከዚህ ገደል ነው፣
ሰማያዊው ቀለም የጅብሪል፣ ቀዩ የሱሃ አፈር ነው፤
እጁ የአባ ኂሩት። ዓይኑስ የማን ነው?
ዓምዱን ባዶ ተውሁና አንድ ረድፍ ጨመርሁ ከግርጌው፦

«መስኮት። ብዛት፣ አንድ።
ቁመት፣ የአውራ ጣት ጥፍር።
የተከፈተ። ጨርቁ የለም።
ቤቱ አልተገኘም።»