ምርኩዝ

ማራኪ ሰፈር ውስጥ፣ በማታው ትምህርት ቤት፣
«ሪፊዩዝ» ስል ጻፍሁ በሰሌዳው አናት።
«ትርጉሙ እምቢ ነው» ብዬም አብራራሁ፤
«ቀሃን አልሻገርም ያለች አህያ» አልሁ።

የሻረግ ተነሣች፦ «መምህሬ፣ ይቅርታ፣
እምቢ ያለ ‹አለ› አይቆምም ላንድ አፍታ።
የእንግሊዙስ ቃል ግን?»
                    «ብቻውን ይቆማል።»
ጽፋ ሳትጨርስ መብራት ሄዶብናል።

እሑድ ሽማግሌ ገባ በወግ ማዕረግ፤
አባት «እንምከር» ሊል ጉሮሮ ሲጠርግ፣
የሻረግ ከጓዳ፦ «እምቢ።» በቃ፣ ይኸው።
«አለች»ማ የመጣው እኛ ስናወራው።

ሰኞ ማታ አንዱ ከጥግ እየሳቀ፦
«ሪፊዩዝ አረገች!»
ቃሉም ጎንደር ገብቶ ምርኩዙን ጠየቀ።