አራተኛው ዙር

ከደሴ ፒያሳ ዝቅ ሲል፣ ከባንኩ ጎን ዞሮ፣
አንድ ክፍል ቤት አለች፣ ግድግዳዋም ቆርቆሮ፤
«ፎቶ ይመር» ይላል ታፔላው አዘንብሎ፣
ይመር ከሞተ ቆይቷል፣ ስሙን ለእኔ ጥሎ።
እሱ በቀይ መብራት ፊት ከውሃ አወጣ፣
ለእኔ የደረሰኝ ኬብልና ጣጣ፦
አስም እንዳለበት ሲነሳ የሚያቃስት
አንድ ኮምፒውተር፣ ዕድሜው ዐሥራ ስድስት፤
ባትሪም አለኝ፣ መብራት ሲጠፋ የሚጮህ፣
ጩኸት እንጂ ጉልበት ከየት አባቱ ብለህ።

ሐምሌ ነው። ከጦሳ ጉሙ ወርዶ ወርዶ፣
ባጃጁን፣ አስፋልቱን፣ ሰዉን ሁሉ ወስዶ፣
በሬ ላይ ሲደርስ እቴ ዘምዘም ገባች፣
ዣንጥላዋን አጥፋ «ይቺን አትምልኝ» አለች።
«በኢሞ ነው የላካት፣ ረመዳን መባቻ፣
ከዚያ ወዲህ ድምፁም የለ፣ ይኸው ይቺ ብቻ።»

ከፈትኳት። ዐርባ ኪሎባይት። ጥፍር የምታህል።
በሰፋች ቁጥር በካሬ በካሬ የምትነጣጠል።
«እቴ፣ ይቺ ትንሽ ናት፣ ብትሰፋ ትበተናለች።»
«እሱም እኮ ሲያድግ ነው የተበተነብኝ» አለች።
«ግድ የለም፣ አንተ አስፋው።»

ጉንጩን አለሰለስኩ፣ ጀርባውን አጸዳሁ፤
ግድግዳው ላይ በጥፍር የተጫረ መስመር አየሁ፣
ቀን ይሆን የሚቆጥር? ዝም ብዬ አጠፋሁ።

ፕሪንተሩ ወረቀት አራት ጊዜ ያወጣል፣
አራት ጊዜ መልሶ ወደ ሆዱ ይስባል።
መጀመሪያ ቢጫ፤ እብሬ ወጣ ገርጥቶ፣
ጉበት እንዳመመው፣ ዓይኑ ጠፍቶ ጠፍቶ።
«ይሄ የኔ አይደለም!»
                    «ቆይ፣ ገና ነው።» ቀይ ለብሶ
ወጣ፣ ከበረሃ የመጣ መስሎ ተመልሶ።
ዝም አለች። ሦስተኛው፣ ሰማያዊው መጣ፣
ጥላ ከዓይኑ ሥር፣ ጢም ከአገጩ ወጣ።
«እብሬ» አለች ዘምዘም፣ ቅርብ እንዳለ ሰው፣
ከጓዳ ዕቃ አምጣ ብላ እንደምትልከው።

አራተኛው ቀለም የለውም፤ ስስ ልባስ ነው፣
ከጣት፣ ከላብ፣ ከዝናብ ፎቶ የሚጠብቀው።
እሱ ሊጀምር ሲል ቀጭ! መብራት ሄደ።
ባትሪው ጮኸ፣ ጮኸ፣ እሱም ተዋረደ።
ወረቀቱን ሳብኩት ከማሽኑ ጥርስ መሀል፣
እርጥብ ይመስላል ገና፣ ቢነኩት ይለቃል።
«እቴ፣ ልባስ የለውም፣ አትንኪው እልሻለሁ፤
ነገ መብራት ሲመጣ ሌላ አወጣልሻለሁ።»

በአውራ ጣቷ ጉንጩን ቀስ ብላ ዳሰሰች፣
ጣቷ ላይ የቀረውን ጥቂት ቡናማ አየች።
«እንዲሁ ይሁን ልጄ፣ ያ ልባስህ ይቅር፣
በመስታወት አየሁት በስልኩ ስንት ወር።
ደግሞም» አለች፣ መቀነቷን እየፈታች፣
«ሦስቴ ነው የወጣው፤ የአራቱን አትቀበለኝ»፤ ሳቀች።

ሄደች። ጉሙ ዋጣት ከእግሯ እስከ ራሷ፣
ልጇን ሸጉጣ ይዛ፣ ከደረቷ ከልብሷ።

እኔ ጨለማ ውስጥ ከማሽኔ ጋር ቀረሁ።
ዲስኩ ላይ ሌላው አለ፣ ሳልጠርገው የተውሁ።
መብራት ሲመጣ ከፍቼ አየዋለሁ፤
እስከዚያ ጭረቶቹን በቃሌ እቆጥራለሁ፦
ስድሳ ስምንት፣ ስድሳ ዘጠኝ፣ ሰባ...
ከዚያ ወዲያ ያለውን ትከሻው ከልሎታል።