የሽቦው ደሴት

ሦስት ዓመት ኸሰብ ተቀምጬ፣ ባሕርን የማውቀው በዓሣ ነው፣
ቅርፊቱን በቢላ ስፍቅ፣ ብር መስሎ ክንዴን ሲያለብሰው።
ጨው አለው፣ ይሸታል፣ ያንሸራትታል፤
ከዚያ በላይ ምን ይባላል?

ሰው ያወራል፣ «እዚህ ማዶ የድንጋይ አገር አለ፣
ውሃ መሀል የተተከለ።»
ዓርብ ግን የኔ አልነበረም። ዓርብ የእንግዳ ነው፣ የሩዝ ነው፣
የትልቁ ድስት፣ የትልቁ ትሪ፣ በር ላይ የተከመረ ጫማ ነው።

ዘንድሮ ማዳም ለሠርግ መስቀጥ ሄደች፣ ቤቱን ሙሉ ጠራርጋ፤
እኔ፣ ሙሂባ፣ ብርቅነሽ፣ አዋጥተን ከፈልን የጀልባ ዋጋ።
ጥቁር መነጽር አደረግን፣ እንደ ቱሪስት።

ካፒቴኑ ኸሚስ ይባላል። «ሐሙስ ማለት ነው?» አልኩት፤ ሳቀ።
«ሐሙስ ተብሎ ተጠርቶ፣ ዓርብን ለሥራ ታጠቀ!»
አለች ብርቅነሽ በአማርኛ፤ ሳይገባው ደግሞ ሳቀ።

ኩምዛር ነው የተወለደው፣ መኪና የማይደርስበት፣
ተራራ ከኋላ ያነቀው፣ ባሕር ከፊት የዘጋበት፤
ቋንቋቸው የብቻቸው ነው፣ ካለፈ መርከብ ሁሉ የለቀሙት፣
እንደ ወደብ ልጅ ኪስ፣ የስንቱን አገር ሳንቲም የቀላቀሉት።

ከዚያ ገደሉ ጀመረ።
ዛፍ የለ፣ ሣር የለ፣ ዓይን የሚያርፍበት ለስላሳ የለ፤
ግራጫ ድንጋይ ብቻ፣ ንብርብሩ ተጣሞ፣ ተጨማዶ፣
አንሶላ ሲያጣጥፍ የኖረ ሰው፣ አንድ ቀን ተናዶ
ወርውሮት እንደሄደ።
«ይህን ሁሉ ማን ይተኩሰዋል?» አልኩ ሳላስበው፤
እጄ ነው የተናገረው።

ዶልፊኖች መጡ። ሙሂባ ጮኸች፣ ጫማዋ ውሃ ገባ።
ጥቁር ጀርባቸው ብቅ፣ ጥልቅ፤ ማንም ና ሳይላቸው፣
ማንም ሂዱ ሳይላቸው።

ኋላ አንዲት ደሴት፣ ከአንድ አውድማ የማትሰፋ፣
ደረጃዋ የተበላ፣ የግንቧ ጣሪያ የጠፋ።
«ቴሌግራፍ» አለ ኸሚስ። ብርቅነሽ ስልኳን አወጣች፤
«የምን ቴሌግራም? መስመር እንኳ የለም!» ብላ ተቆጣች።

ድሮ ነው። እንግሊዞች ከባሕር በታች ሽቦ ዘርግተው፣
ከህንድ ለንደን የሚሻገር ወሬ በዚህ ሲያልፍ፣
ጥቂት ሰዎች ተቀመጡ፣ ይህን ቋጥኝ ተደግፈው።
ሙቀቱ አናት ሲበሳ፣
የሰው ወሬ በጣታቸው አለፈ፦ እገሌ ሞተ፣ ጥጥ ረከሰ፣ ጦር ተነሣ።
«ለነሱስ ማን ላከላቸው?» አልኩ። ኸሚስ ትከሻውን አነሣ።

ላይኛው ደረጃ ላይ ቆሜ ለወንድሜ ድምፅ ቀዳሁ።
ሁልጊዜ የምለው አንድ ነው፦ «ደህና ነኝ፤ ብሩ ደረሰ?»
ዛሬ «አያልነህ» አልኩ፣ «ድንጋይ አየሁ፤ ውሃው አረንጓዴ ነው።
ምንም ፈልጌ አይደለም። ልንገርህ ብዬ ነው።»
ትንሿ የሰዓት ምልክት ዞረች፣ ዞረች፤ አልሄደም።
ይቆይ። የነዚያም ሽቦ ዛጎል ለብሷል፣ ዛሬ ማንም አይቸኩልም።

ሲመሽ ወደቡ አፍ ላይ፣ ስልኬ ኪሴ ውስጥ ተንቀጠቀጠ፤
የኔ ሲሄድ የሱ ሲመጣ፣ መንገድ ላይ ተላለፉ፦
«ብሩ ደርሷል።»

ቅዳሜ እነማዳም ገቡ፤ ዓሣው መጣ፣ ትልቅ፣ ዓይኑ ያልፈዘዘ።
ቢላዬን አነሣሁ። ትንሽ ቆየሁ።
«አንተ ከየትኛው ገደል ሥር ነህ?» አልኩት፤
እንደ ሁልጊዜው ከጅራቱ ጀመርኩት።